አልፍሬድ ኢልግ፤ ውሃን ሽቅብ ያወጣው መሐንዲስ

ከተግባረ እድ ተነሥቶ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል ወደ ለገሐር የሚያመራ መንገደኛ የከተማውን ቀላል ባቡር ሐዲድ እየተከተለ ይሄዳል። አደባባዩ ስሙን ያገኘው የሜክሲኮ መንግሥት የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ አልቀበልም በማለቱ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚገኘው፣ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው አሮጌው የምድር ባቡር ጣቢያ ግን የማን ሐሳብ ፍጻሜ እንደሆነ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። የሐሳቡ ባለቤት ጣቢያውን አላየም፤ ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባም በሕይወት አልነበረም። በኢትዮጵያ ሙሴ ኢልግ እየተባለ ይጠራ የነበረው የስዊስ ተወላጅ አልፍሬድ ኢልግ ነው።

ኢልግ መጋቢት 22 ቀን 1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር፣ በቱርጋው ክፍለ ግዛት፣ ፍራውንፌልድ በተባለች ከተማ ተወለደ። በመጀመሪያ በብረታ ብረት ሥራ ተለማማጅነት እጁን ካፍታታ በኋላ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ገብቶ መካኒካል ምሕንድስና ተማረ። ይህ ቅደም ተከተል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ንድፍ ከመንደፉ አስቀድሞ ሞረድና መዶሻ የጨበጠ በመሆኑ፣ በኋላ ፋብሪካም መለዋወጫም በሌለበት አገር ሥራውን ሊያቃና የቻለው በዚህ ነው።

የዚያን ጊዜው ንጉሠ ሸዋ ምኒልክ የአውሮፓን ጥበብ የሚያውቅ ባለሙያ በኤደን በሚነግዱ የስዊስ ነጋዴዎች በኩል ያፈላልጉ ነበር። ኢልግ ጥሪውን ተቀብሎ ከሁለት የአገሩ የእጅ ባለሙያዎች ጋር ጉዞ ጀመረ፤ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ደረሰ። ዕድሜው ገና 25 ዓመት አልሞላም።

ንጉሡ መሐንዲሱን የፈተኑበት ሁኔታ እስከ ዛሬ ይተረካል። በመጀመሪያ ጫማ እንዲሠራ አዘዙት፤ ሠራ። ቀጥለው ጠመንጃ አዘዙት። ኢልግ ጠመንጃ ከውጭ ማስመጣቱ እንደሚረክስና እንደሚሻል ቢያስረዳም ንጉሡ ስላልተቀበሉት በእጁ ሠርቶ አቀረበ። ትረካው በአፍ ሲተላለፍ ምን እንደጨመረ ማን ያውቃል፤ ቁም ነገሩ ግን እውነትነት አለው። ምኒልክ የሚፈልጉት ስለ ሥራ የሚያወራውን ሳይሆን የሚሠራውን ነበር፤ ኢልግም ማዘዣ ሲሰጠው ዋጋውንና ጉዳቱን አስቀድሞ የመናገር ልማድ ነበረው። ከዚያ በኋላ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ፤ በቤተ መንግሥት ሕንጻዎችም ሥራ ተካፈለ።

የሁሉንም አፍ ያስከፈተው ግን የውሃው ሥራ ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና አሥር ዓመት አልሞላትም፤ ነዋሪው የሚጠጣው ከምንጭ፣ ከወንዝና በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ እየተቀዳ በእንስራ ነበር። ቤተ መንግሥቱ የሚገኘው ደግሞ በኮረብታ ላይ ነው፤ የሚቀዳው ሁሉ ዳገት መውጣት ነበረበት። በዚያው በግቢው ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር ለዛሬ ሰው ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን የከተማዋ ከርሰ ምድር የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው፤ በዶማና በመሮ ብዙ ርቀት አያስኬድም። ዐለት እየፈጨ የሚወርደው ባለ ሁለት ሾጣጣ መቆፈሪያ እንኳ በአሜሪካ ለሃዋርድ ሂውዝ የፈጠራ መብት የተሰጠበት እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። አዲስ አበባም ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች በብዛት ውሃ መቅዳት የጀመረችው ከኢልግ ዘመን መቶ ዓመት ያህል ዘግይታ ነው።

ስለዚህ ኢልግ ዓይኑን ወደ እንጦጦ አነሣ። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል፤ ቤተ መንግሥቱ ከዚያ በብዙ ዝቅ ያለ ነው። በሁለቱ መካከል ግን ሸለቆ አለ። ውሃው በተከፈተ ቦይ ቢለቀቅ ሸለቆው ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ በተዘጋ ቧንቧ ቢሄድ ግን ቁልቁል ወርዶ፣ ከመነሻው ከፍታ እስካላለፈ ድረስ፣ ማዶውን ሽቅብ ይወጣል። ነገሩ ዛሬ በትምህርት ቤት የሚሰጥ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ውሃ ዳገት ይወጣል ብሎ በንጉሠ ነገሥት ፊት ቃል መግባት ቀልድ ወይም ድፍረት ይመስል ነበር።

የሥራው ችግር በሕጉ ሳይሆን በቧንቧው ላይ ነበር። ከመነሻው በታች በእያንዳንዱ 10 ሜትር ዝቅታ በቧንቧው ውስጥ በካሬ ሴንቲሜትር አንድ ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ይጨምራል፤ ሸለቆው በጠለቀ ቁጥር ግርጌ ያለው መገጣጠሚያ የሚሸከመው ጫና ያይላል። አንድ መገጣጠሚያ ቢያፈስ ማዶ የሚደርስ ውሃ አይኖርም። ቧንቧውስ ከየት መጣ? ምድር ባቡር ባልነበረበት በዚያ ዘመን ከባድ የብረት ዕቃ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በረሃውን በግመል፣ ደጋውን በበቅሎ ይሻገር ነበር። በዚህ አገር የሚሠራ መሐንዲስ ንድፉን የሚጀምረው ከወረቀቱ ሳይሆን ከእንስሳው ጀርባ ነው፤ ግመል የማይሸከመው ርዝመትና ክብደት ያለው ብረት በካርታ ላይ ቢያምርም አዲስ አበባ አይደርስም። የተሰበረ ዕቃ ለመተካትም ብዙ ወራት ያስፈልጉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1894 ውሃው ቤተ መንግሥት ገባ። ሕዝቡ በጉዳዩ ግጥም ገጠመ፤ የግጥሙ ሐሳብ ውሃ እንኳ ለምኒልክ ሰገደ የሚል ነበር። ጌትዬው መመስገናቸው የወግ ነው፤ የባለሙያው ስም በግጥሙ ውስጥ አለመነሣቱም የወግ ነው።

በዚያው ዓመት፣ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ለኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ውል ፈቀዱለት። ዘመኑ 99 ዓመት ነው። መስመሩ በሦስት ክፍል የተመደበ ሲሆን የመጀመሪያው ከጅቡቲ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ ነበር። ኢልግ ከፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው። የሐረርን ተራራ መውጣት ከአቅም በላይ በመሆኑ መስመሩ ከግርጌው አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ባረፈበት ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተወለደች።

ከዚህ በኋላ መሐንዲስ ሊፈታው የማይችል ችግር መጣ። ገንዘብ አለቀ። የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች አክሲዮን መግዛት ሲጀምሩ የፈረንሳይ መንግሥት ደነገጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ምኒልክን ሳያማክር ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ በድጎማ ምክንያት ሥልጣኑን ያዘ። ምኒልክ በጣም ተቆጡ። በአድዋ ጦር ያስጠበቁትን ነጻነት በሐዲድ በኩል ሊያጡት እንደሚችሉ ተገነዘቡ፤ ሥራው ወደ መሐል አገር እንዲቀጥል ፈቃዳቸውን ነፈጉ። ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ቆመ።

ኢልግ በዚህ መካከል የነበረበት ቦታ አስቸጋሪ ነበር። ከአድዋ ድል አስቀድሞ በአውሮፓ ጋዜጦች የኢትዮጵያን ጉዳይ ሲከራከር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ ተሰጥቶት ከፈረንሳይና ከእንግሊዝ ጋር በተደረጉት ድርድሮች ውስጥ ሠርቷል። እንግዲህ አንድ ሰው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪም የባቡሩ ውል ባለቤትም ነበር። የኩባንያው ጥቅምና የመንግሥቱ ጥቅም አንድ መንገድ ሲሄዱ ይህ ጉዳት አልነበረውም፤ ሲለያዩ ግን የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሊጠየቅ ግድ ነበር። ለአገሪቱ የነበረውን ቅንነት የሚያስክድ ነገር የለም። ሆኖም የውሉን ወረቀት በእጁ ይዞ የገንዘቡን ምንጭ መቆጣጠር አለመቻሉ ስሕተቱ ነበር፤ ቧንቧውን ሲዘረጋ የእያንዳንዱን መገጣጠሚያ ጥብቀት የመረመረ ሰው የኩባንያውን መገጣጠሚያዎች በዚያ ዓይን አላያቸውም።

በግል ኑሮው ስለ እርሱ ከሚታወቀው አንዱ ከፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ጋር የነበረው የደብዳቤ ልውውጥ ነው። ራምቦ በሐረር ነጋዴ በነበረበት ጊዜ ስለ ዕቃ፣ ስለ ዋጋና ስለ ዕዳ ይጻጻፉ ነበር፤ ግጥም በመካከላቸው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1895 ፋኒ ጋቲከር የተባለች የአገሩን ልጅ አገባ፤ አብራውም በአዲስ አበባ ኖረች።

የምኒልክ ጤና እየደከመ፣ የመንግሥታቱ ፉክክር እየጠነከረ ሲሄድ የኢልግ ቃል በቤተ መንግሥት የነበረው ክብደት ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1906 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በሚቀጥለው ዓመትም አገልግሎቱን በይፋ አቆመ። ከኢትዮጵያ የሰበሰባቸው የጥንት መገልገያዎችና የእጅ ሥራዎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ይገኛሉ።

ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. በዙሪክ በድንገት ዐረፈ። ዕለቱ በኢትዮጵያ የገና በዓል ነበር። ምኒልክ ከሁለት ዓመት በፊት ሞተዋል። የድሬዳዋው ሐዲድ በ1900 ዓ.ም. በተሰጠ አዲስ ውል፣ በሌላ ኩባንያ እጅ ሥራው ቀጥሎ ስለ ነበር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ ይዘልቃል የተባለው ሦስተኛው ክፍል አልተሠራም።