አክሊሉ ለማና የእንዶድ ናሙና፦ የአንድ የምርምር ግብዓት የወጪ ታሪክ

እንዶድ በደባርቅና በዳባት፣ በሌላውም የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ለልብስ ማጠቢያነት የታወቀ ተክል ነው። ይህን ተክል ለዓለም የሳይንስ ማኅበረሰብ ያስተዋወቁት ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው። ስለ እርሳቸው የሚጻፈው በአብዛኛው በግኝቱ ላይ ያተኩራል። ከግኝቱ ይልቅ ረጅም ዘመን የወሰደው ግን ፍሬውን በየትኛውም ቤተ ሙከራ ሊፈተን ወደሚችል ወጥ ናሙና መለወጡና ወጪውን የሚሸፍን ማግኘቱ ነበር።

በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሠለጠኑት አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ስለ ብልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው ተመለከቱ። የብልሃርዝያ ተውሳክ በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ በውኃ አማካይነት ወደ ሰው ቆዳ ስለሚገባ፣ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የበሽታውን ዑደት መቁረጥ ነው። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተካሄደው የመስክ ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ይህ ውጤት ግን ዓለም አቀፍ ድጋፍ ለማስገኘት አልበቃም። የእንዶድ ኃይል እንደ ዝርያው ይለያያል፤ ከተለያየ ቦታ የተለቀመ ፍሬ የሚሰጠውን ውጤት ማነጻጸር አስቸጋሪ ነበር። በዚህ ላይ የመርዛማነት ምርመራው በዓለም አቀፍ የቤተ ሙከራ ደንብ መሠረት እንዲደገም ተጠየቀ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነበር፤ ሰው በሚጠቀምበት ውኃ ውስጥ ያልተመረመረ ነገር አይጨመርም። የጎደለው ከፋይ ነበር። ተወዳዳሪው ኒክሎሳማይድ የኩባንያ ምርት ስለ ነበር የምርመራውን ወጪ ከሽያጩ መመለስ ይቻላል፤ ከአጥር ሥር የሚበቅል ቁጥቋጦ ግን እንዲህ ያለ ባለቤት የለውም። በዚያው ዘመን ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት መምጣቱም ትኩረቱን ከቀንድ አውጣው ወደ ሕክምና አዞረው።

የናሙናውን ችግር የፈቱት የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ከአገሪቱ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የሰበሰቧቸውን 65 ዓይነቶች አብቅለው በማወዳደር 44ኛውን መረጡ፤ ይህም ለተመራማሪዎች የጋራ መነሻ የሚሆን ዝርያ አስገኘ። (ዛሬ በአንጎል ሳይንስ እንደ ጃክሰን ላቦራቶሪና አድጂን ያሉ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች የታወቁ የአይጥ ዝርያዎችንና ፕላስሚዶችን አባዝተው ማከፋፈላቸው ከዚህ ሥራ ጋር ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ ለእንዶድ እንዲህ ያለ ቋሚ ድርጅት አለመኖሩ ነው።) የደኅንነቱን ምርመራ በገንዘብ የደገፈው በመጨረሻ የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ሆነ። ከመጀመሪያው ምልከታ እስከዚያ ድረስ ሩብ ምእተ ዓመት ገደማ አልፏል። በ1989 አክሊሉና ለገሠ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ።

ናሙናን ማካፈል ሌላም ጥያቄ አስነሣ። የአሜሪካን ሐይቆች የወረረው ዜብራ መስል የተባለ ባለ ቅርፊት እንስሳ የውኃ ቧንቧዎችን ይደፍን ነበር። አክሊሉ በኦሃዮ ከቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው እንዶድ ይህን እንስሳ እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1993 ፓተንት ሲሰጥ አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዘገቡ። የእንዶድን ጠባይ ለዘመናት የሚያውቁት ልብስ አጣቢዎችና ተክሉን ያቆዩት ገበሬዎች ግን በመዝገቡ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም፤ ጉዳዩም ከዚያ ወዲህ ስለ አገር በቀል ዕውቀት መብት በሚደረጉ ክርክሮች ደጋግሞ ይነሣል።

አክሊሉ በ1997 በአሜሪካ አረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል።