ኧርኒ ዴቪስ፦ ሩጫው በአጭር የተቀጨው ጀግና

ለዓመታት የደከማችሁበት ነገር እጃችሁ ሊገባ ሲል ቢነጠቅባችሁ ምን ትሆኑ ነበር? ዛሬ የምናካፍላችሁ ይህ የደረሰበትን ወጣት ታሪክ ነው።

ኧርኒ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1939 በፔንሲልቬኒያ ተወለደ። አባቱ በአደጋ ሞቱ፤ ያሳደጉትም አያቶቹ ናቸው። በልጅነቱ አንደበቱ ይኮላተፍ ነበር። በኋላ ወደ እናቱ ወደ ኤልማይራ፣ ኒው ዮርክ ሄደ። በዚያም በአሜሪካ ፉትቦል ኳሱን ታቅፎ በተጋጣሚዎቹ መካከል ሰንጥቆ በመሮጥ ስሙ ታወቀ።

ሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከእርሱ በፊት ዝነኛው ጂም ብራውን የለበሰው 44 ቁጥር ተሰጠው። ቡድኑ በ1959 የውድድር ዘመን የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ጥር 1 ቀን 1960 በዳላስ ቴክሳስን 23 ለ 14 ሲያሸንፉ ኧርኒ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ነገር ግን በማታው ግብዣ ላይ እርሱና ጥቁር ጓደኞቹ ሽልማታቸውን ተቀብለው እንዲወጡ ተነገራቸው። ጀግና ተብሎ ተሸለመ፣ ከግብዣው ግን እንዲወጣ ተነገረው! በሲራክዩስ ቆይታው 2,386 ያርድ ሮጦ የጂም ብራውንን ክብረ ወሰን ሰበረ። በ1961 የሃይዝማን ዋንጫን የተሸለመ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲም ሊያገኙት ፈልገው በኒው ዮርክ ጨበጡት።

በ1962 የባለሙያዎች ሊግ ምርጫ አንደኛ ሆኖ የመረጠው፣ እስከዚያ ዘመን ጥቁር ተጫዋች አላሰልፍም ብሎ የቆየው የዋሽንግተን ቡድን ነበር። ወዲያውም ለክሊቭላንድ ብራውንስ አሳልፎ ሰጠው። ከጂም ብራውን ጎን ሊሰለፍ ነው ተብሎ ሁሉም በጉጉት ሲጠብቅ፣ በዚያው ክረምት ታመመ። ሕመሙም ሉኪሚያ የተባለ የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

ሕመሙ ለጊዜው ሲያፈገፍግለት ለመጫወት ተስፋ አደረገ። አሰልጣኙ ፖል ብራውን ግን አልፈቀዱም። ኧርኒ የክሊቭላንድን ማሊያ ለብሶ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ።

አንባቢ ሆይ፣ ቢያማርር ማን ይፈርድበት ነበር? እርሱ ግን በ1963 በአንድ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ራሱን ዕድለ ቢስ አድርጎ እንደማይቆጥር ገለጸ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ግንቦት 18 ቀን 1963፣ በ23 ዓመቱ አረፈ። በኤልማይራ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰናበቱት። ክሊቭላንድም አንድ ቀን እንኳ ያልተጫወተበትን 45 ቁጥር ማሊያ ለሌላ እንዳይሰጥ አደረገ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ የሰው ዕድሜ በርዝመቱ ብቻ አይለካም። እናንተስ ያላገኛችሁትን እየቆጠራችሁ ነው ወይስ የተሰጣችሁን?