በጭቃ ያላፈሩት አርክቴክት፦ ሐሰን ፈትሒ

በዚህ እትማችን የአንድ ሙስሊም ባለሙያን ሕይወት ይዘንላችሁ ቀርበናል። ከሩቅ አገር ሰው ታሪክ በፊት ግን እዚሁ ከአጠገባችን እንጀምር።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስንጓዝ አዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ተራራውን የሸፈነ ደን እናያለን፤ ጣራ ገዳም ነው። ወይራውና ሌላው ሀገር በቀል ዛፍ እዚያ እስከ ዛሬ ቆሟል። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጋይንት ስንዘልቅ ግን ዓይናችን የሚያርፈው ባሕር ዛፍ ላይ ነው። ሀገር በቀሉ ዛፍ በብዛት የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ሲሆን፣ ጎረቤቶቻችን ጠብቀው ባያቆዩት ኖሮ እሱም ባልተረፈ ነበር። የቀረው የት ሄደ ብንል፣ ከፊሉ ለእርሻ ተመነጠረ፣ ከፊሉ በምድጃ ነደደ፣ ከፊሉ ደግሞ ቤት ሆነ።

በአገራችን የጭቃ ቤት የምንለው ቤት አጥንቱ እንጨት ነው። ቋሚውም ማገሩም የጣራው ወጋግራም እንጨት ነው፤ ጭቃው ልብሱ ነው። እንጨት ሲወደድ ቤት መሥራት ይከብዳል፣ ምስጥ ሲገባበትም ቤቱ ይዘምማል። አቅም ያለው ወደ ብሎኬትና ሲሚንቶ ይሄዳል። አቅም የሌለው ገበሬ ግን ልጁን ለመዳር ጎጆ ማቆም ሲያስብ መጀመሪያ የሚያሰላው የአጠና ዋጋ ነው። ታዲያ ያለ እንጨት፣ ያለ ሲሚንቶና ያለ ፌሮ፣ ጣራው ጭምር ከአፈር የሆነ ቤት መሥራት ይቻላል? ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን የተሸከሙት ሰው ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፈትሒ ናቸው።

ሐሰን ፈትሒ በ1900 በእስክንድርያ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቤተሰባቸው የእርሻ መሬት ያለው ባለጸጋ ነበር። አባታቸው ገጠርን የዝንብ፣ የትንኝና የቆሸሸ ውኃ አገር አድርገው ስለሚያዩት ልጆቻቸው ወደዚያ እንዲሄዱ አይፈልጉም ነበር። እናታቸው በልጅነታቸው ገጠር ኖረው ስለነበር ናፍቆቱ አልወጣላቸውም፤ ለልጆቻቸውም ስለ ገጠር ያወሩላቸው ነበር። ልጁ ሐሰን በእነዚህ ሁለት ሥዕሎች መካከል አደጉ። የግብርና ትምህርት ቤት ለመግባት ሞክረው ስለ እርሻ ምንም ስለማያውቁ ፈተናውን ወደቁ። ከዚያ ወደ ሥነ ሕንፃ ዞረው በ1926 በካይሮ ተመረቁ።

የቤተሰባቸውን እርሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡት ዕድሜያቸው 27 ዓመት ገደማ ሲሆን ነው። ያዩት ነገር የእናታቸውን ወሬ አይመስልም ነበር። መሬታቸውን የሚያርሱት ገበሬዎች የሚያድሩት ጨለማ፣ ጠባብና ቆሻሻ በሆነ ጎጆ ውስጥ ነበር። ወጣቱ አርክቴክት ደነገጡ፣ አፈሩም። በቤተሰባቸው መሬት ላይ የሚሠራ ሰው እንዲህ ሲኖር ባለቤቶቹ አንድ ቀን እንኳ መጥተው አላዩም። ቤተሰባቸው እርሻውን እንዲያሻሽል ወተወቱ። የሕይወታቸው አቅጣጫ የተለወጠው በዚያን ጊዜ ነው።

ከ1930 ጀምረው በካይሮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ያዙ። በዚያ ዘመን የተማረ አርክቴክት ማለት የአውሮፓን ሕንፃ በግብፅ መሬት ላይ የሚያቆም ሰው ነበር። ሐሰን ፈትሒ ግን ገበሬው ሲሚንቶና ብረት መግዛት ካልቻለ ከእግሩ ሥር ያለውን አፈር የማይጠቀምበት ምክንያት አልታያቸውም። በ1937 የጭቃ ጡብ ቤት ንድፎቻቸውን በመንሱራና በካይሮ ለእይታ አቀረቡ።

ከዚያ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ከውጭ የሚገባው እንጨትና ብረት ተቋረጠ። ሐሰን ፈትሒ በዚያው ሰሞን ከካይሮ ወጣ ብላ በምትገኘው ባህቲም ለአንድ የግብርና ማኅበር የእርሻ ሕንፃዎች እየሠሩ ነበር። የጭቃ ጡቡ ግድግዳ ያለ ችግር ቆመ። ጣራው ግን ያለ እንጨት እንዴት ይቁም? ጡቡን እንደ ቅስት አጉብጠው ሊከድኑት ሞከሩ። ቅስት ለመሥራትም ከሥር የሚደግፍ የእንጨት ካሳፎርማ ያስፈልጋል። ያለ ድጋፍ ሲሞክሩት ጣራው ተደረመሰ። የተማሩት ትምህርት እዚያ ላይ አለቀ።

መፍትሔው የመጣው ከወንድማቸው ወሬ ነው። ወደ ደቡብ በአስዋን አካባቢ የሚኖሩ ኑቢያውያን ያለ ምንም እንጨት የጭቃ ጣራ እንደሚሠሩ ነገሯቸው። በ1941 መጀመሪያ ላይ ከተማሪዎቻቸው ጋር ወደ አስዋን ወረዱ። ከተማው ውስጥ የፈለጉትን አላገኙም። ወንዙን ተሻግረው በምዕራብ ዳርቻ ወዳለው የኑቢያውያን መንደር ሲገቡ ግን ንጹሕ፣ ሰፊና ያማሩ ቤቶች አዩ፤ ጣራቸው ሁሉ ቅስት ነበር። መሐንዲሶቹ ያቃታቸው ነገር ፊደል ባልቆጠሩ ግንበኞች እጅ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ኖሯል። በሉክሶር ከጥንታዊው ራምሲየም አጠገብ ያሉት የጭቃ ጡብ ጎተራዎችም በዚሁ ዓይነት ጣራ ተከድነው ከ3,000 ዓመታት በላይ ቆመዋል።

አሠራሩን እንዲህ እንረዳዋለን። በመጀመሪያ የክፍሉ የኋላ ግድግዳ ከጎኖቹ ከፍ ተደርጎ ይገነባል። ግንበኞቹ በዚያ ግድግዳ ላይ የቅስቱን ቅርጽ በዓይናቸው ብቻ ለክተው በጭቃ ይሥላሉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ረድፍ ጡብ ወደ ግድግዳው አስደግፈው ያጣብቃሉ። ሁለተኛው ረድፍ በመጀመሪያው ላይ፣ ሦስተኛው በሁለተኛው ላይ ጋደል ብሎ ይደገፋል። ረድፎቹ ስለተጋደሉ ጡቡ ወደ ታች አይወድቅም። ጡቡ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሆን፣ እንዲቀል ጭድ ይበዛበታል። ፊቱም እርጥብ ጭቃውን እንዲይዝ ገና ሳይደርቅ በጣት ይጫራል። ሦስት ሜትር ስፋት ያላትን ክፍል ሁለት ግንበኞች በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ይከድኗታል። ሐሰን ፈትሒ ቦግዳዲ አሕመድ ዐሊ የተባሉትን ግንበኛ እዚያው አስዋን አገኙ፤ ኑቢያውያኑንም ወደ ባህቲም አስመጡ። መምህሩ ተማሪ ሆነው ከግንበኞቹ ሥር ተቀመጡ። የባህቲም ጣራም ቆመ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። በዚያ ዘመን የአስዋን ታላቁ ግድብ አልተሠራም። የግብፅን ምድር በየዓመቱ የሚያለብሰው ደለል በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ በአባይና በተከዜ ታጥቦ የሚወርድ ነበር። ሐሰን ፈትሒ ጡብ የመቱበት ጭቃ የእኛው አገር አፈር ዘመድ ነው።

በ1945 ትልቁ ፈተና መጣ። በሉክሶር ትይዩ የምትገኘው የጉርና መንደር የተሠራችው በጥንታውያን መቃብሮች ላይ ነበር። ነዋሪዎቹም ከመቃብሩ ቅርስ እያወጡ ይሸጡ ነበር። ከዓለት የተጠረበ አንድ ውድ ቅርስ ሲሰረቅ መንግሥት 7,000 ያህሉን ነዋሪዎች ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ወሰነ። አዲሱን መንደር እንዲሠሩም ሐሰን ፈትሒ ተመረጡ። መስጂድ፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤቶች፣ ቲያትር ቤትና ለየቤተሰቡ የሚስማማ ቤት ነደፉ። አንድን ቤት ደጋግሞ ከመሥራት ይልቅ የየቤተሰቡን ኑሮ፣ ከብትና ዝምድና ማጥናት ይሻላል ብለው ያምኑ ነበር። ነፋስን ከላይ ይዞ ወደ ክፍሉ የሚያወርደውን ማልቀፍም ሠሩ።

ይሁን እንጂ መንደሩ አላለቀም። ሲሚንቶና ተቋራጭ የለመዱት የመንግሥት ቢሮዎች ገንዘቡንም ዕቃውንም አጓተቱ። ከዚህ የከፋው ግን ከነዋሪዎቹ በኩል የመጣው ነበር። ከመቃብሩ ከተለዩ እንጀራቸው እንደሚቀር ያውቁ ነበርና መሄድ አልፈለጉም። የውኃ መከላከያውን ጥሰው አዲሱን መንደር ውኃ እንዲያጥለቀልቀው ያደረጉበት ጊዜም ነበር። በብዙ የግብፅ አካባቢ ጉልላት የመቃብር ምልክት ስለሆነ፣ በጉልላት ሥር መተኛት የማይዋጥላቸው ሰዎች ነበሩ የሚሉም አሉ። በ1948 ሥራው ሲቆም የተገነባው የታሰበው ጥቂቱ ብቻ ነበር።

ይህን ውድቀት አንሸፍነውም። ሐሰን ፈትሒ ከኑቢያው ግንበኛ ሥር ተቀምጠው ተምረዋል፤ ገበሬዎቹን ከነእንጀራቸው የማዛወሩን ነገር ግን ንድፍ ብቻውን ሊፈታው አልቻለም። ቤቱ ከሠሪው ይልቅ የነዋሪው ነው። ነዋሪው ያልፈቀደው ቤት ቢያምርም ባዶ ይቀራል። እሳቸውም ታሪኩን አልደበቁትም፤ የጉርናን ሙከራ ከነጉድለቱ በመጽሐፍ ጻፉት። መጽሐፉ በ1969 በካይሮ ታተመ፤ በ1973 ደግሞ በአሜሪካ ለድሆች የሚሆን ሥነ ሕንፃ በሚል ርዕስ ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ተነበበ። ባልተሳካ ሥራቸው ይበልጥ የታወቁ አርክቴክት ቢኖሩ እሳቸው ናቸው።

በ1957 ተስፋ ቆርጠው ወደ አቴና ሄዱ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ካይሮ ተመለሱ። በኻርጋ በረሃ ባሪስ የተባለ አዲስ መንደር ጀመሩ። እሱንም የ1967ቱ ጦርነት አቋረጠው። ዕውቅናው የመጣው በእርጅናቸው ነው። በ1980 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ልዩ የክብር ሽልማት ሰጣቸው። አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራው ሽልማትም በተጀመረበት በዚያው ዓመት ለእሳቸው ደረሰ። 80 ዓመት በሆናቸው ጊዜ ከኑቢያውያን ግንበኞች ጋር ወደ አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ተጉዘው በዳር አል ኢስላም መንደር ከጭቃ ጡብ መስጂድ ሠሩ። በ1989 ኅዳር ወር ማብቂያ ላይ ካይሮ በሚገኘው አሮጌ ቤታቸው ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

ታዲያ ለእኛ ምን ይበጀናል? የኑቢያን ጣራ እንዳለ ወስዶ ደብረ ታቦር ላይ መትከል አይሆንም። የእነሱ አገር ዝናብ የማያውቀው ነው፤ የእኛ ክረምት ደግሞ ያልተከደነ ጭቃን በአንድ ሐምሌ ያፈርሳል። ቆርቆሮ ወይም ሣር ከላይ ያስፈልገናል። ግድግዳው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በደንብ የተቦካና ጭድ የበዛበት የጭቃ ጡብ፣ ከሥሩ ውኃ እንዳይነካው በድንጋይ መሠረት ላይ ከተቀመጠና ከላይ ሰፊ የጣራ ክፈፍ ካለው፣ ያለ ቋሚና ማገር ይቆማል። ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ስለሚያቆይ ለደጋችን ብርድ ይስማማል። ለግድግዳ የሚቆረጠው እንጨትም ይተርፋል። ድንጋዩም ቢሆን በአገራችን አይታጣም፤ የላሊበላ አካባቢ ክብ የድንጋይ ቤቶች ምስክር ናቸው።

ከቴክኒኩ የሚበልጠው ግን የኒያው ነገር ነው። በየገጠሩ መስጂድ ሊሠራ ሲታሰብ ጀመዓው ለሲሚንቶና ለፌሮ ዓመታት ሲያዋጣ፣ ግድግዳው በጅምር ቀርቶ ሰው በዝናብ ሲሰግድ እናያለን። ጭቃ ነውር ስለመሰለን ነው። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ በመዲና የተሠራው ግን ከደረቀ የጭቃ ጡብ፣ ከተምር ግንድና ከተምር ዝንጣፊ ነበር። እሳቸውም ከሶሓቦች ጋር ጡብ ተሸክመዋል። በዝናብ ጣራው አፍስሶ በጭቃ ላይ ሱጁድ መውረዳቸውንም በሲራ ተምረናል። ከዚያች ቤት የወጣው ዕውቀት ዓለምን አዳረሰ። ጠንካራ ቤት መሥራት የተወደደ ነው፤ አላህ ከሰጠን አፈር በተሠራ ቤት ማፈር ግን ከየት መጣብን?

ስለዚህ ለክረምት ወደየቀያችን ስንመለስ አንድ ሥራ እንያዝ። የምህንድስና ተማሪ የሆንን ብቻ ሳንሆን ሁላችንም፣ በሠፈራችን ያሉትን ሽማግሌ ግንበኛ ፈልገን፣ አባባ ብለን ከአጠገባቸው እንቀመጥ። የትኛው አፈር ለጡብ እንደሚሆን፣ ጭቃው ስንት ቀን እንደሚቦካ፣ የትኛው ቤት ለምን እንደቆየ እንጠይቃቸው። ምርጊቱን በየዓመቱ የሚያድሱትን እናቶቻችንንም እንጠይቅ፤ የቤቱን ድካም ከሁሉ በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከዚያ የቤቱን ባለቤት ምን ዓይነት ቤት ይሻሉ ብለን እንጠይቅ። ሐሰን ፈትሒ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠይቀው አሸነፉ፤ በሁለተኛው ተሰናከሉ። እኛ ሁለቱንም እንጠይቅ። የምናገኘውን መልስ ጽፈን በመስከረም ይዘን እንምጣ፤ በዚህ መጽሔት ቦታ እንሰጠዋለን፣ ኢንሻአላህ።

ዕውቀትን የሚጠቅም፣ ሥራችንንም ለእርሱ ብቻ የጠራ ያድርግልን። አሚን።