ዛፍ ያለበት ቤት

ጅዳ የምትኖሩ እህቶች፣ የዕረፍት ቀን አግኝታችሁ በለድ ከወረዳችሁ፣ ሱቅ አል ዓለዊ በሚባለው የገበያ መንገድ ዳር ከአንድ ግዙፍ ቤት ፊት የቆመ ዛፍ ሳታዩ አልቀራችሁም። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ወዲያው ይለየዋል፤ ኒም ነው። እስከ 1920ዎቹ ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሮጌዋ ከተማ ውስጥ ሌላ ዛፍ እንዳልነበረ ይነገራል። ስለዚህም ሰው ቤቱን በዛፉ ይጠራው ነበር። ትክክለኛ ስሙ ቤት ነሲፍ ነው። ቤት በዐረብኛም ያው ቤት ስለሆነ እዚህ ላይ አስተርጓሚ አያስፈልጋችሁም።

ዛሬ የማወጋችሁ በዚህ ቤት ስላደጉት ስለ ሸኽ ሙሐመድ ነሲፍ ነው።

ቤቱን ያሠሩት አያታቸው ዑመር ነሲፍ ናቸው። በጅዳ ሹመትም ሀብትም የነበራቸው ሰው ነበሩ። ሥራው በ1872 ተጀምሮ በ1881 አለቀ። ግድግዳው ከቀይ ባሕር የወጣ የኮራል ድንጋይ ነው፤ እንጨቱ በመርከብ ተጭኖ ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ከግድግዳው ወጣ ብለው የተንጠለጠሉት የእንጨት መስኮቶች ሮሻን ይባላሉ። ነፋስ ያስገባሉ፣ ፀሐይ ይከላከላሉ፤ ከውስጥ ያለችው ሴት መንገዱን ታያለች፣ መንገደኛው ግን እሷን አያያትም። ምጽዋን የሚያውቅ እንዲህ ያለ መስኮት እዚያም አይቷል።

ክፍሎቹ 106 ናቸው። 106 ክፍል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። መወጣጫው ሰፊና ዝቅ ያለ ስለሆነ ግመል እስከ ላይኛው ፎቅ ይወጣበት ነበር ይባላል። በዚያ ዘመን በጅዳና በመካ ባለጸጎች ቤት ባሪያዎች ይሠሩ ነበር፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ከሐበሻ ምድር ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። በሳዑዲ ዓረቢያ ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1962 ነው፤ የብዙዎቻችን አያቶች በሕይወት እያሉ ማለት ነው።

ሸኽ ሙሐመድ በ1885 ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። ጅዳ በዕድሜያቸው ሦስት መንግሥት አየች፤ መጀመሪያ ቱርክ ነበረ፣ በ1916 ሸሪፍ ሑሴን ተነሡ፣ በመጨረሻም የሳዑድ ቤት መጣ። መካ በ1924 በንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ እጅ ስትገባ ጅዳ አንድ ዓመት ያህል ተከብባ ቆየች። በታኅሣሥ 1925 እጇን ሰጠች፤ ንጉሡም ከተማዋ ሲገቡ ያረፉት በዚሁ ቤት ነው። ለጎብኚ በብዛት የሚተረከው ይህ ነው፤ ንጉሡና ግመሉ።

እኔን የሚስበኝ ግን መጻሕፍቱ ናቸው። ዐረብኛ ስንማር መጀመሪያ ካሳቁን ቃላት አንዱ ኪታብ ነበር፤ እኛ ክታብ ብለን አንገታችን ላይ የምናስረውን እነሱ ያነቡታል። ሸኽ ሙሐመድ ኪታብ በመሰብሰብ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። የታተመውንም በእጅ የተጻፈውንም ይገዙ ነበር። ባለጸጋ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል ትሉ ይሆናል፤ እሳቸው ግን ቆልፈው አላስቀመጡትም። ለሐጅ የሚመጡ ሊቃውንት መካ ከመግባታቸው በፊት ወይም ሲመለሱ በዚያ ቤት ያርፉ፣ ይበሉ፣ ያነቡ ነበር። መጻሕፍት በገንዘባቸው አሳትመው በነጻ ያድሉ ነበር። በ1971 ሲሞቱ ትተውት የሄዱት ስብስብ ወደ 16,000 ይጠጋል። ስንቱን ተሸክሞ ስንቱን አቧራ የጠረገው የማን እጅ ይሆን እያልኩ አስባለሁ፤ መጽሐፍ በቆላ አገር አቧራ ይወዳል።

ዛሬ መጻሕፍቱ በጅዳው የንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ቤቱ በመንግሥት እጅ ነው፤ የቆመበት አሮጌው ሰፈርም በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ለመሄድ ካሰባችሁ ከዓስር በኋላ ይሻላል፤ ሙቀቱ ይበርዳል። ከዛፉ ሥር ቆማችሁ ወደ ሮሻኖቹ ቀና በሉ፤ ወደ ማታ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል የእንጨቱ ቅርጽ አንድ በአንድ ይታያል።