ደጃዝማች ባልቻ ሳፎና የጭንቅ ሰዓት

በየካቲት ወር 1920 ዓ.ም. ዛሬ ንፋስ ስልክ በምንለው፣ ስሙን ያለ ሽቦ ከሚሠራው የመልእክት መሣሪያ ባገኘው ሥፍራ፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ጦር ሰፍሮ ነበር። የጦሩ ባለቤት የሲዳሞው ገዥ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ ነበሩ። ያ ሁሉ ሠራዊት አንድ ጥይት ሳይተኩስ ተበተነ። በዓድዋ የጥይት ውርጅብኝ መካከል ጸንተው የቆሙት ሰው በግብዣ ማዕድ ላይ ተቀደሙ።

ባልቻ በልጅነታቸው በጦር ሜዳ ከባድ የአካል ጉዳት ደርሶባቸው ከወደቁበት ተነሥተው በምኒልክ ቤት ያደጉ ናቸው። ወላጅና ርስት ሳይኖራቸው በብርታታቸው ብቻ እስከ በጅሮንድነት ደርሰው የንጉሠ ነገሥቱን መድፈኞች መሩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ የተጀመረው የዓድዋ ውጊያ እስከ እኩለ ቀን ግድም ሲፋፋም፣ ፊታውራሪ ገበየሁ በወደቁ ጊዜ ቦታውን የተኩት ባልቻ መሆናቸውን ሕዝቡ እስከ ዛሬ ያስታውሳል።

ፊት ለፊት ከሞት ጋር የተጋጠመ ሰው ሰዓቱ ቆመ፣ ጥይቱ ሲመጣ አየሁት ብሎ ቢናገር እንደ ቅጥፈት ሊቆጠርበት አይገባም። በተኩስ ልውውጥ ውስጥ ካለፉ የፖሊስ ባልደረቦች አብዛኞቹ ጊዜው እንደ ተጓተተ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ እንደ ፈጠነ መስክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ነገሩን በመሣሪያ ፈትኖታል። ፈቃደኞች ከ31 ሜትር ከፍታ ወደ መረብ ተለቀቁ፤ በእጃቸው ላይ ቁጥሮች እጅግ በፍጥነት የሚፈራረቁበት ሰሌዳ ታስሮ ነበር። በስሌት ውድቀቱ ሁለት ሴኮንድ ተኩል ያህል ብቻ ይወስዳል። እነርሱ ግን የራሳቸውን ውድቀት ከሌላው ሰው ውድቀት በ36 በመቶ አስረዝመው ገመቱት። ሆኖም ጊዜው ተጎተተ ቢሉም ቁጥሮቹን ከወትሮው አሻሽለው ማንበብ አልቻሉም። እንግዲህ የሚረዝመው ትዝታው ነው እንጂ ዓይን አይፈጥንም፤ ድንጋጤ አእምሮን ብዙ ዝርዝር እንዲመዘግብ ያደርገዋል፣ የበዛው መዝገብም ኋላ ሲገለጥ ረጅም ጊዜ ይመስላል። ከመወጣጫ ላይ ወድቆ የተረፈ ሠራተኛ የሚሰጠውን የጊዜ ግምት ለአደጋ ምርመራ የሚቀበል መሐንዲስም በመጀመሪያ ከፍታውን ቢለካ ይሻለዋል።

በዚህ መሠረት የዓድዋውን መድፈኛ ስንመለከት፣ ጭንቁ ተጨማሪ ሴኮንድ አልሰጣቸውም። ማጉረስ፣ ማነጣጠርና መተኮስ በጢስና በጩኸት መካከል ሳይዛነፍ የሚከናወነው እጅ አስቀድሞ ስለ ተማረው ነው። የባልቻ ትልቅነት ከዚህ ላይ ነው፤ ጀግንነታቸውን እንደ ተአምር ለሚቆጥሩ ሁሉ ይህ ማብራሪያ ክብራቸውን ይጨምርላቸዋል እንጂ አይቀንስባቸውም።

የንፋስ ስልኩ ነገር ከዚህ ተቃራኒ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ሥልጣኑን ወደ መሐል ሲሰበስቡ ባልቻ የድሮው ሥርዓት ዋና ጠባቂ ሆነው ቀሩ፤ በተጠሩ ጊዜም ጦራቸውን አስከትለው መጡ። ለግብዣ ወደ ከተማ ሲገቡ በቂ ጠባቂ ይዘዋል። ለጥይት የሠለጠነው ንቃታቸው ግን በማዕዱ ላይ የሚቀሰቅሰው ነገር አላገኘም፤ ሳህኑ ይነሣል፣ ጠጁ ይቀዳል፣ ሰዓቱ ምልክት ሳይተው ያልፋል። በዚያው ጊዜ ራስ ካሣ ኃይለ ዳርጌ ወደ ሰፈሩ ሄደው ለወታደሩ ገንዘብ እየሰጡ አሰናበቱት። ሲዳሞም ለደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጠ። ባልቻ ነገሩን የተረዱት ካለቀ በኋላ ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ እጃቸውን ሰጡ። ራስ ተፈሪ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1921 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ንጉሥ ተባሉ። ተንኮል ነው የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ደም አለመፍሰሱን መዘንጋት አይገባም።

ባልቻ ከዚያ በኋላ ወደ ገዳም ገብተው ኖሩ። የፋሺስት ጦር አገሪቱን በወረረ ጊዜ ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት አልፎ ነበር፤ ይሁን እንጂ ቂማቸውን ትተው ከገዳም ወጡና መሣሪያ አነሡ። በ1929 ዓ.ም. በጉራጌ አገር ጠላት ከበባቸው። ያች የመጨረሻ ግጥሚያ በልዩ ልዩ መልክ ትተረካለች፤ በአንዱ አፍ ረጅም ናት፣ በሌላው አጭር። እጅ ስጡ ሲባሉ እምቢ ብለው፣ እየተኮሱ ወደቁ።