ሲልቬነስ ቴየር፤ የተማሪን ቃል እንደ ሰነድ የቈጠሩ መሐንዲስ

መሐንዲስ በንድፉ ግርጌ ፊርማውን ሲያኖር ለስሌቱ ትክክለኛነት ቃሉን መስጠቱ ነው። በድልድዩ ላይ የሚያልፈው መንገደኛ ስሌቱን አይመረምርም፤ የፈረመውን ሰው ያምናል። ይህን መታመን የሚያሰጠው ጠባይ ተማሪው ገና በትምህርት ገበታ ላይ ሳለ መታነጽ እንዳለበት ተረድተው ዕድሜያቸውን ለዚሁ ዓላማ ካዋሉት ሰዎች መካከል አሜሪካዊው መሐንዲስ ሲልቬነስ ቴየር በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ቴየር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1785 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት በብሬንትሪ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1807 በዳርትመዝ ኮሌጅ ከጓደኞቻቸው አንደኛ ሆነው ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ወዲያውም በሃድሰን ወንዝ ዳርቻ ወደሚገኘው የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ገብተው በ1808 የመሐንዲስ መኰንንነት ማዕረግ ተቀበሉ። በ1812 ከእንግሊዝ ጋር በተነሣው ጦርነት የኖርፎክን ወደብ ምሽግ ሥራ መርተዋል። ጦርነቱ የአገሪቱን የምሕንድስና ዕውቀት ጉድለት ስላጋለጠ፣ በ1815 መንግሥት ወደ ፈረንሳይ ላካቸው። በዚያም የኤኮል ፖሊቴክኒክን የማስተማር ዘዴ አጥንተው ወደ 1,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ሰብስበው ተመለሱ።

በ1817 ፕሬዚዳንት ጄምስ ሞንሮ የዌስት ፖይንትን የበላይ አዛዥነት ሰጧቸው። የጠበቃቸው ትምህርት ቤት ግን ስሙ እንጂ ሥርዓቱ የቀረ አልነበረም። ፈተናው መደበኛ አይደለም፤ መምህራኑና የቀድሞው አዛዥ ካፒቴን ኦልደን ፓርትሪጅ ተቃቅረዋል። እንዲያውም ፓርትሪጅ በነሐሴ ወር ተመልሰው ሥልጣኑን በጉልበት ያዙ፤ ብዙ ተማሪዎችም በደስታ ተቀበሏቸው። ቴየር ግን ግብግብ ሳይገጥሙ ጉዳዩን ለመንግሥት አስታውቀው ሥፍራውን ለቀቁ። በትእዛዝ ሲመለሱም ሥራቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ያቋቋሙት ሥርዓት መሠረቱ አንድ ነበር፤ እያንዳንዱ ተማሪ ስለ ራሱ ሥራ ራሱ መልስ እንዲሰጥ ነው። ክፍሎቹን በችሎታ ደረጃ በትናንሽ ቡድን አከፋፈሉ። ተማሪው በየዕለቱ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ ጠመኔውን ይዞ፣ ያጠናውን በራሱ አንደበት ማስረዳት ነበረበት። ውጤቱም በየዕለቱ ተመዝግቦ በየሳምንቱ ለአዛዡ ይቀርባል። ጥፋቱም እንዲሁ በነጥብ ይመዘገባል። ከቤተሰብ ገንዘብ መቀበል ስለ ተከለከለ የባለጸጋውም የድኻውም ልጅ በዚያው በመንግሥት ደመወዝ ይተዳደር ነበር። የአባቱ ስም በማዕረግ ዝርዝሩ ላይ ለማንም ቦታ አያስገኝም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለቃል የተሰጠው ክብደት ነው። ዕጩ መኰንን ተጠይቆ የሚሰጠው መልስ ያለ ምስክር እንደ እውነት ይወሰድ ነበር። ጥፋተኛ በነጥብና በቅጣት ተመክሮ ሊቀር ሲችል፣ ውሸታም ግን በጓደኞቹ መካከል ሥፍራ አልነበረውም። በመታመን ላይ የቆመ ትምህርት ቤት የታመነውን ሰው ሐሰት ሊሸከም አይችልምና።

ይህ ሥርዓት ያለ ፈተና አልጸናም። በ1818 መገባደጃ የዕጩ መኰንኖቹ አዛዥ ካፒቴን ጆን ብሊስ አንድ ተማሪ በቁጣ አንገትጌውን ይዘው ጐተቱ። ወደ 180 የሚጠጉ ተማሪዎች በአቤቱታ ላይ ፈረሙ፤ አምስት ተወካዮችም ለቴየር አቀረቡ። ቴየር የተበደለ ሰው ለየራሱ እንዲያመለክት እንጂ በቡድን መሟገት በወታደር ቤት እንደማይፈቀድ ገልጸው አምስቱን ከግቢ አስወጡ። ነገሩ እስከ አገሪቱ ምክር ቤት ደረሰ፤ በ1819 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ዕጩ መኰንኖች በጦር ሕግ የሚገዙ መሆናቸውን አረጋገጡ። ሆኖም የተማሪዎቹ ብሶት ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ቴየርም ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም፤ ብሊስን በሌላ መኰንን ተኩ። በአዛዥነት ዘመናቸው ሊነቀፉበት የሚገባ ነገር ቢኖር፣ ትክክለኛ አቤቱታ በተሳሳተ መንገድ ሲመጣ መንገዱን ብቻ አይተው አምስት ወጣቶችን ማባረራቸው ነው።

በ1826 የገና ዋዜማ ሌሊት ተማሪዎች በስውር ባስገቡት መጠጥ ሰክረው መስኮት ሰበሩ፤ በመኰንኖች ላይም እጃቸውን አነሡ። ከተማሪዎቹ ሲሶ የሚያህሉት የነገሩ ተካፋዮች ነበሩ። ቴየር ሁሉንም ቢከሱ ትምህርት ቤቱ ባዶ ይቀራል፤ ሁሉንም ቢምሩ ሕጉ ይሞታል። ስለዚህ ጥፋታቸው የከፋውን ወደ ሃያ የሚጠጉ ብቻ መርጠው ለጦር ፍርድ ቤት አቀረቡ።

ሥርዓቱን በመጨረሻ የፈተነው ከላይ የመጣ እጅ ነበር። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን በሕግ የተባረሩ ተማሪዎችን ደጋግመው ይመልሱ ጀመር። ተማሪው የቅጣቱን ማንሻ በዋሽንግተን የሚያገኝ ከሆነ፣ በግቢው ውስጥ ያለው ኃላፊነት ስም ብቻ ይሆናል። ቴየር ሥልጣኑን ይዘው ሕጉን ሲናድ ከማየት ይልቅ በ1833 ሥራቸውን ለቀቁ። እንደሚነገረውም አንድ ምሽት መርከብ እንደሚመለከት ሰው ወደ ወንዙ ወርደው፣ መኰንኖቹን ጨብጠው ተሳፈሩ፤ ወደ ዌስት ፖይንትም በሕይወታቸው አልተመለሱም።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል በቦስተን ወደብ ዋረንና ኢንዲፔንደንስ የተባሉትን ምሽጎች በማሠራት አሳለፉ። በ1867 በሰጡት ገንዘብ በዳርትመዝ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ተመሠረተ። በ1872 በተወለዱባት በብሬንትሪ አረፉ፤ ዐፅማቸውም በ1877 ወደ ዌስት ፖይንት ተዛወረ።

ከደቀ መዛሙርቶቻቸው አንዱ ጆርጅ ዋሽንግተን ዊስለር ከሴንት ፒተርስበርግ እስከ ሞስኮ በተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ በመሐንዲስነት አገልግሏል። ዌስት ፖይንት የተማሪዎችን የክብር ኮሚቴ በይፋ ያቋቋመው በ1922 ነው፤ ሐሳቡ ግን ከመቶ ዓመት በፊት ቴየር በጥቁር ሰሌዳው ፊት ብቻውን ካቆሙት ተማሪ ጋር ተወልዷል። ተማሪው ያላጠናውን አጥንቻለሁ ለማለት በዚያ ሥፍራ አይችልም ነበር። መሐንዲስም ያልመረመረውን ንድፍ መርምሬአለሁ ብሎ ከመፈረም የሚጠብቀው ያ የወጣትነት ልማድ ነው።