ከቁማር ገበታ ወደ ሕሙማን አልጋ፦ የቅዱስ ካሚሎ ዴ ሌሊስ ሕይወት



እግዚአብሔር ለታላቅ ሥራ ሰውን ሲጠራ እንከን የሌለበትን ፈልጎ አይደለም። ዳዊት በዝሙትና በሰው ደም በድሏል፤ ጴጥሮስ ጌታውን ክዷል፤ ጳውሎስ ቤተክርስቲያንን አሳድዷል። ይህን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ሆኖም ብዙዎቻችን እግዚአብሔር እነዚህን ሰዎች አስቀድሞ ከድካማቸው ሁሉ ፈጽሞ አላቅቆ፣ ከዚያ በኋላ የላካቸው ይመስለናል። የቅዱስ ካሚሎ ዴ ሌሊስ ሕይወት ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር ያስተምረናል፤ እግዚአብሔር የሰውን ድካም ሳያስወግድ፣ በዚያው ድካም በኩል ሊሠራ ይችላል።

ካሚሎ እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1550 በኢጣልያ፣ አብሩዞ በተባለው አውራጃ፣ ቡኪያኒኮ በምትባል ከተማ ተወለደ። እናቱ በእርጅናዋ ነበር የወለደችው። ከመውለዷ በፊት፣ በደረቱ ላይ ቀይ መስቀል ያለበት ሕፃን፣ ተመሳሳይ ምልክት ያለባቸውን ሌሎች ልጆች እየመራ ሲሄድ በሕልሟ እንዳየች ይተረካል። ሕልሙ ደስታ አልሰጣትም፤ ልጇ የሽፍቶች አለቃ የሚሆን መስሏት ፈራች። ካሚሎ ገና ልጅ ሳለ እርስዋ ዐረፈች፤ የሕልሙን ፍቺ ለማየት አልታደለችም።

አባቱ ወታደር ነበር፤ ካሚሎም የአባቱን ሙያ ከነአመሉ ወረሰ። ቁመቱ እጅግ ረጅም፣ ጉልበቱ ብርቱ፣ ቁጣው ፈጣን ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ቁማር ገዛው። ከአባቱ ጋር በቬኒስ ሠራዊት ለመቀጠር ሲጓዙ አባቱ በመንገድ ላይ ሞተበት፤ በዚያው ዘመን በእግሩ ላይ ክፉ ቁስል ወጣበት። ይህ ቁስል እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም።

በ1571 ለመታከም ሮም ወደሚገኘው የቅዱስ ያዕቆብ ሆስፒታል ገባ፤ እዚያም በአገልጋይነት ተቀጠረ። ነገር ግን በጠበኛነቱና በቁማር ፍቅሩ ምክንያት ተባረረ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት በውትድርና ተንከራተተ። በ1574 በኔፕልስ ከተማ ያለውን ሁሉ በቁማር ተበላ፤ የለበሰውን ሸሚዝ እንኳ እንደ ተበላ ይነገራል። የሃያ አራት ዓመቱ ግዙፍ ወታደር በማንፍሬዶንያ ከተማ በቤተክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ ለመነ።

በዚያ ሁኔታ ላይ ሳለ የካፑቺን መነኮሳት ለሚያሠሩት ሕንፃ የጉልበት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። እነዚህ መነኮሳት ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በአገራችንም በስብከተ ወንጌል ሥራቸው የታወቁ ናቸው። አንድ ቀን ከመነኮሳቱ አንዱ ስለ ነፍሱ መከረው። በማግስቱ የካቲት 2 ቀን 1575 በአህያ ተቀምጦ ወደ ማንፍሬዶንያ ሲመለስ፣ የሰማው ምክር ልቡን ወጋው። ከአህያው ወርዶ በመንገዱ ላይ ተንበርክኮ ስለ ኃጢአቱ አለቀሰ። ያን ዕለት የለውጡ ቀን አድርጎ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አከበረው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ የአንድ ኃጢአተኛ መመለስ ብቻ በሆነ ነበር። ካሚሎ የካፑቺን መነኩሴ ለመሆን ከልቡ ተመኝቶ ወደ ገዳሙ ገባ። ሆኖም የምንኩስናው ልብስ እየፈተገ የእግሩን ቁስል ስለ ቀሰቀሰበት ተሰናበተ። ታክሞ ዳግመኛ ቢገባም፣ ቁስሉ ስላገረሸ ዳግመኛ ተመለሰ። ንስሐ የገባ፣ ዓለምን የናቀ ሰው ነበር፤ ነገር ግን የሚመኘው በር ተዘጋበት። የዘጋበትም ያው አሮጌ ቁስል ነበር።

ይኸው ቁስል ከዚያ ቀደም ወደ ተባረረበት ሆስፒታል መለሰው። በዚያ ዘመን ሕሙማንን የሚያስታምሙት በአብዛኛው ለደመወዝ ብቻ የተቀጠሩ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ ድኾች በሽተኞች በእጅጉ ይጉላሉ ነበር። ካሚሎ ይህን ያየው ከውጭ መጥቶ አይደለም፤ ራሱም በዚያ አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ፣ ራሱም በዚያ ቤት ያገለገለ መጥፎ ቅጥረኛ ነበር። በ1582 ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ብቻ ሕሙማንን የሚያገለግሉ ሰዎችን የማሰባሰብ አሳብ አደረበት። የንስሐ አባቱ ቅዱስ ፊሊፖስ ኔሪ እንኳ ይህን እቅድ አልደገፈውም ነበር። ካሚሎ ግን ከሠላሳ ዓመት ዕድሜው በኋላ ከልጆች ጋር ተቀምጦ የላቲን ቋንቋ ተማረ፤ በ1584 ማዕርገ ክህነትን ተቀበለ።

በ1586 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ አምስተኛ ማኅበሩን አጸደቁ፤ አባላቱም በልብሳቸው ላይ ቀይ መስቀል እንዲያደርጉ ፈቀዱ። እናቱን ያስፈራት ምልክት የምሕረት ምልክት ሆነ፤ ይህም ዛሬ የምናውቀው የቀይ መስቀል ድርጅት ከመመሥረቱ ከ270 ዓመታት በላይ አስቀድሞ ነው። በ1591 ማኅበሩ የመነኮሳት ማኅበር ሆኖ ሲታወቅ፣ አባላቱ ከድኽነት፣ ከንጽሕናና ከታዛዥነት መሐላዎች በተጨማሪ፣ ሕይወታቸውን እስከ ማጣት ድረስ ሕሙማንን ለማገልገል አራተኛ መሐላ ገቡ። ካሚሎ ከተከታዮቹ የጠየቀው፣ እናት አንድያ የታመመ ልጇን በምታስታምምበት ፍቅር እንዲያስታምሙ ነበር። በ1595 ከማኅበሩ አንዳንዶቹ ወደ ሃንጋሪ የጦር ሜዳ ሄደው ቁስለኞችን አገለገሉ፤ በወረርሽኝ ጊዜም ሕሙማንን ሲያስታምሙ ያለፉት ብዙዎች ናቸው።

ካሚሎ ቅዱስ ስለ ሆነ ጠባዩ ሁሉ ለስላሳ ሆነ ማለት ግን አይደለም። ባሰበው ነገር የጸና፣ በአስተዳደር ጉዳይ ከራሱ ልጆች ጋር ሳይቀር የሚጋጭ ሰው ነበር። በ1607 የጠቅላይ አለቅነቱን ሥልጣን ለቅቆ እንደ ተራ አባል በታዛዥነት ኖረ። ያ የሚያነክስ እግር ሊሸከመው ሲያቅተው እንኳ፣ ከአልጋ ወደ አልጋ እየተንፏቀቀ በሽተኞችን ይጠይቅ እንደ ነበር ይነገራል። ሐምሌ 14 ቀን 1614 በሮም ዐረፈ። በ1746 ቅድስናው ታወጀ፤ በኋላም ቤተክርስቲያን የሕሙማን፣ የሆስፒታሎችና የአስታማሚዎች ጠባቂ ብላ ሰየመችው።

ክቡራን አንባብያን፤ ከዚህ ሕይወት የምንማረው ኃጢአትን መናቅ ወይም ለድካማችን ምክንያት መስጠት አይደለም። ካሚሎ ቁማርን ትቷል፤ ስለ በደሉም አልቅሷል። ቁስሉ ግን አልዳነም፤ እግዚአብሔርም ቁስሉ እስኪድን አልጠበቀም። በየቁምስናችን ያለፈ ሕይወታቸውን እያሰቡ ለአገልግሎት አልበቃም ብለው በኋላ ወንበር የሚቀመጡ አሉ። ሌሎች ደግሞ የወንድማቸውን ያለፈ ታሪክ እያነሡ በሩን ይዘጉበታል። ሁለቱም ስለ እግዚአብሔር ጸጋ የሚያስቡት አንሶ ነው። በማንፍሬዶንያ ቤተክርስቲያን ደጃፍ በዚያ ክረምት ያለፉ ምእመናን ያዩት የተዋረደ ቁማርተኛን ብቻ ነበር። በደጃፋችን የቆመውን ሰው ስናይ፣ በእግዚአብሔር እጅ ምን ሊሆን እንደሚችል ገና አናውቅምና፣ ከመፍረድ ይልቅ እጃችንን እንዘርጋለት።